ጋሽ ዘውዴ እና መጥቶ የሚሄደው ሕመም

ጋሽ ዘውዴ ማረፋቸውን የነገረኝ ላምበረት መናኸሪያ አብሮኝ ትኬት ይቆርጥ የነበረ ባልደረባዬ ነው። ስልኩን አንስቼ «ዛሬ ጠዋት አረፉ» ሲለኝ መጀመሪያ ከአፌ የወጣው «ነፍስ ይማር» አልነበረም። «ማን ነገረህ? አንተ በዓይንህ አይተሃል?» አልኩት። «ሂሩትዬ፣ አንቺም እንደ እሳቸው ሆንሽ እኮ» አለኝ።

ምን ላድርግ፤ እሳቸው ሥር የሠራ ሰው ወሬን እንዲሁ አይቀበልም።

ጋሽ ዘውዴ ወደ ሰሜን የሚጓዙ አውቶቡሶች ያሉት የአንድ ማኅበር ተቆጣጣሪ ነበሩ። አውቶቡሱ በር ላይ ቆመው ትኬት ያያሉ፣ ዕቃ ይፈትሻሉ፣ የተጭበረበረውን ያወርዳሉ። እንጦጦ ላይ ስለሚኖሩ ነው መሰለኝ ከክረምት እስከ በጋ ወፍራም ካፖርት አይለያቸውም። ትኬት ሲቀበሉ መጀመሪያ የሚያዩት ትኬቱን አይደለም፤ የሰውየውን ጫማ ነው። «ፊት ውሸት ይለማመዳል፣ ጫማ ግን መቼ ጊዜ አግኝቶ!» ይሉ ነበር። ከዚያ ትኬቱን ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው በአውራ ጣታቸው ያሻሹታል። እኔን ሥራ ሲያለማምዱኝ የነገሩኝን እስካሁን አልረሳውም። «ሳትጠይቂው ማስረዳት የጀመረ ሰው ካየሽ፣ እሱን አትልቀቂው።»

አንድ ቀን አንድ ጎልማሳ በጓደኛው ትከሻ ተደግፎ እያነከሰ መጣ። ወገቤ ተጎድቷል፣ ከፊት ወንበር ስጡኝ አለ። የፊት ወንበር የተሸጠላቸው አንዲት እናት አዝነውለት ሊነሱ ሲሉ ጋሽ ዘውዴ በእጃቸው አስቆሟቸው። የሰውየውን ጫማ አዩ። ሁለቱም ተረከዝ እኩል አልቋል። ድንገት ወደ በሩ እያመለከቱ «ቦርሳህን ይዞ ሮጠ!» ብለው ጮኹ። በሽተኛው የጓደኛውን ትከሻ ለቆ እንደ ሚዳቋ ፈተለከ። መናኸሪያው በሳቅ አለቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም። «የፊት ወንበር ለማግኘት ይሄን ያህል!» ብለው ወደ ቀጣዩ መንገደኛ ዞሩ።

እኚህ ሰው ናቸው እንግዲህ አንድ የክረምት ጠዋት የቀኝ እጃቸውን በግራው ደግፈው የመጡት። አንጓው አብጦ፣ ቀልቶ፣ ቆዳው ተወጥሮ ያብለጨልጫል። ዳሰስኩት፤ እንደ ፍም ይግላል።

«ምን ነካዎት ጋሼ? ወደቁ እንዴ?»

«አልወደቅሁም። ማታ ደኅና ተኛሁ፣ ጠዋት እንዲህ ሆኖ አገኘሁት።»

ሌላ ሰው ይሄን ቢነግራቸው ኖሮ አንዲቷንም ቃል አያምኑም ነበር። ሥራ አስኪያጁ እጁን አይቶ ደነገጠና እረፍት ሰጣቸው። በማግስቱ ግን ጋሽ ዘውዴ በጠዋት ከች አሉ። እጃቸው እንደ ድሮው ቀጭን ነው። ይጨብጡታል፣ ይዘረጉታል፣ ግራ ገብቷቸው ያዩታል። ሥራ አስኪያጁ ከቢሮው ብቅ ብሎ «ትናንት ሊቆረጥ ነው ያልነው እጅ ይሄ ነው?» አለ። ሲናገር ፈገግ ብሏል፤ ዓይኑ ግን አልሳቀም።

ከዚያ ሕመሙ መመላለስ ጀመረ። አንድ ሰሞን የግራ ጉልበታቸውን ይይዛል፣ ይሄዳል። ሌላ ጊዜ ትከሻቸው ላይ ይወጣና ካፖርታቸውን መልበስ ያቅታቸዋል። አንድ ጊዜ መንጋጋቸው ላይ ሰፍሮ ዳቦ ማኘክ ተስኗቸው ሻይ ብቻ ሲጠጡ ዋሉ። ቢበዛ አንድ ሁለት ቀን ነው የሚቆየው። ከዚያ ዱካ ሳይተው ይጠፋል። ሰኞ ሲያነክሱ ያየናቸው ሰው ረቡዕ ደረጃ ሲሮጡ እናያቸዋለን።

ሰው ምን ይበል? አንዱ ጡረታ ሳይደርስ በሕመም ሊወጡ ፈልገው ነው አለ። ሌላው ማታ ማታ ይጠጣሉ አለ። ሌላው ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያንኑ የማይነገረውን በሽታ አነሳ። እሳቸው ሲያነክሱ ባዩ ቁጥር ጫኞቹ ከሩቅ «ጋሽ ዘውዴ፣ ቦርሳዎን ይዞ ሮጠ!» ብለው ይጮሁባቸው ጀመር። እሳቸው ዞረው አያዩም ነበር። አንገታቸው ግን ሲቀላ አይቻለሁ።

ሐኪም ቤት ሄደዋል። ክፋቱ፣ እረፍት ጠይቀው፣ ታክሲ ተሰልፈው፣ ካርድ አውጥተው ሐኪም ፊት እስኪደርሱ እብጠቱ የለም። አንዱ ራጅ አንስቶ «አጥንትዎ ንጹሕ ነው» አላቸው። ሌላው «ሪህ ይሆናል፣ ሥጋና ቢራ ይተዉ» አላቸው። ተዉ፤ ሕመሙ ግን እሳቸውን አልተዋቸውም። ሌላው ዕድሜ ነው ብሎ የሕመም ማስታገሻ ሰጣቸው። በመጨረሻ ያበጠ እጃቸውን በስልክ ፎቶ አነሳሁላቸውና ይዘው ሄዱ። ሲመለሱ ፊታቸው ተለውጧል።

«ምን አሉዎት?»

«ፎቶውን አየና ‹ይሄ የእርስዎ እጅ ለመሆኑ በምን አውቃለሁ?› አለኝ።» ትንሽ አሰቡና «እኔም ብሆን የምለው እንደዚያው ነበር» አሉ።

ሐኪም የማያገኘው በሽታ ሌላ ባለቤት ይፈለግለታል። ያንን ባለቤት ያገኙለት ታላቅ እህታቸው እትዬ የሺ ናቸው። እንጦጦ ማርያም አጠገብ ከጋሽ ዘውዴ ጋር አንድ ግቢ ውስጥ ነው የሚኖሩት። «በሽታ አንድ ቦታ ይቀመጣል» አሏቸው። «ከእጅ ጉልበት፣ ከጉልበት ትከሻ የሚዞር ነገር የተላከ ነው። ማን እንደሚያበላህ ደግሞ አንተ ታውቃለህ።»

የሚያበሏቸው ባለቤታቸው አስቴር ነበረች። የመጀመሪያ ሚስታቸው ከሞቱ በኋላ ያገቧት፣ የወላይታ ተወላጅ፣ ሾላ ገበያ ድንችና ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት ናት። ጴንጤ ናት። እትዬ የሺ ይሄን አንድም ቀን ይቅር ብለዋት አያውቁም። አስቴር ባሏን ሲያመው ያበጠውን ጉልበት በሁለት እጇ ይዛ ትጸልያለች። ጋሽ ዘውዴ ይሄንኑ ነገሩኝ፤ እንደ ሚስጥር ድምፃቸውን ቀንሰው።

«ምን እንደምትል አይሰማኝም።»

«ጸሎት ነዋ ጋሼ።»

«ጸሎት ከሆነ ለምን ታንሾካሹካለች?»

ከዚያ በኋላ ምሳቸውን ከቤት ማምጣት ተዉ። በኪሳቸው የተቀቀለ እንቁላል ይዘው ይመጣሉ፤ የቀቀሉትም ራሳቸው ናቸው። «እንቁላል ጥሩ ነገር ነው» አሉኝ። «ተዘግቶ ይወለዳል፣ እኔ ነኝ የምከፍተው።» ጣታቸው ባበጠ ቀን መላጥ ያቅታቸውና ለእኔ ይሰጡኛል። ስልጥላቸው ዓይናቸው ከጣቶቼ ላይ አይነቀልም። ሰው በእንቁላል ብቻ እንደማይኖር ያወቅሁት ያኔ ነው፤ ካፖርቱ በላያቸው ላይ እየሰፋ ሄደ።

አንድ እሑድ ልጠይቃቸው እንጦጦ ወጣሁ። ሕመሙ ያን ቀን አልነበረም፤ እንጨት ሲፈልጡ ደረስኩ። አስቴር በደስታ ተቀበለችኝ። ሽሮ በእንጀራ አድርጋ ለሁለታችንም በየሰሃናችን አቀረበችና ውኃ ልታመጣ ገባች። እኔ መብላት ጀምሬያለሁ። ጋሽ ዘውዴ ሰሃናቸውን ይዘው ተነሱ፣ ወደ ጓሮ ዞሩ፣ ምግቡን ለውሻው ገለበጡለት። ከዚያ አልተመለሱም። እጃቸውን ካፖርታቸው ኪስ ከተው ውሻው ላይ ቆመው ያዩታል።

አስቴር የውኃውን ጆግ እንደያዘች ከኋላቸው ደረሰች።

«ውሻው እስኪሞት ነው የምትጠብቀው?»

ጋሽ ዘውዴ ዓይናቸውን ከውሻው ላይ አላነሱም።

«ሂሩትም ከዚያው ድስት በልታለች። እሷንም ቆመህ ጠብቃታ!»

እኔ እንጀራ በእጄ እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። እትዬ የሺ ከቤታቸው ደጃፍ ሆነው ያያሉ። አስቴር ጆጉን መሬት ላይ አስቀመጠች። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ወደ ቤት ገብታ ልብሷን በዘንቢል ይዛ ወጣችና ዳገቱን ቁልቁል ወረደች። ኮተቤ ታናሽ እህቷ ዘንድ መግባቷን በኋላ ሰማን።

አስቴር በሄደች በሳምንቱ ጋሽ ዘውዴ ሁለቱም እጃቸው አብጦ ሥራ ገቡ። እንደዚያን ቀን ብሶባቸው አያውቅም። የአውቶቡሱ በር ላይ ተደግፈው ብዙ ሰዓት ቆሙ። ከዚያ ጠሩኝ።

«ሂሩት፣ ሌባው ከአውቶቡስ ከወረደ በኋላ ዕቃ ከጠፋ ምን ማለት ነው?»

«ሌባው ሌላ ነው ማለት ነው።»

«የሺ ‹ከሩቅም ይሠራል› ትለኛለች። ከሩቅ የሚሠራ ከሆነ ታዲያ ምግቡን ምን አስጠላኝ?» ያበጡ እጆቻቸውን አዩ። «የሆነ የማላውቀው ነገር አለ።»

ይህን ቀዳዳ ስጠብቅ ነበር። የአክስቴን ልጅ ያከመች የመገጣጠሚያ ሐኪም አለች፣ ወደ እሷ እንሂድ አልኳቸው። ተስማሙ። እንደ ልማዱ ቀኑ ሲደርስ እጃቸው ድኗል። ዶክተሯ ወጣት ናት። ታሪካቸውን ሳታቋርጥ እስከ መጨረሻው ሰማች። እጃቸውን አገላብጣ አየች።

«ዛሬ ምንም አላይም» አለቻቸው። «ምንም የለብዎትም ማለቴ ግን አይደለም። ሲያብጥ ያንኑ ጊዜ ይምጡ። ቀጠሮ አይጠብቁ፣ ማስታገሻም አይውሰዱ፤ ዝም ብለው ይምጡ።»

ስንወጣ ጋሽ ዘውዴ ኮሪደሩ ላይ ቆሙ።

«ይቺ ልጅ ምን ፈልጋ ነው?»

«ምን ትፈልጋለች? ሐኪም ናት።»

«ሳላሳምናት ለምን አመነችኝ?»

ክንዳቸውን ይዤ ወደ ታክሲው መራኋቸው። እሳቸውም መንገዱን ሙሉ እንደተጠራጠሩ ላምበረት ደረስን።

ብዙም አልቆየ፣ አንድ ጠዋት የደሴ አውቶቡስ በር ላይ ቆመው ትኬት ከእጃቸው ወደቀ። ጎንበስ ብለው ሊያነሱት ሲሞክሩ ጣቶቻቸው አልታጠፉም። ሥራ አስኪያጁን ሳናስፈቅድ በራይድ ታክሲ ይዣቸው በረርኩ። ዶክተሯ ሌላ በሽተኛ ይዛ ነበር፤ ወጥታ እጃቸውን ስታይ «አሁን ተገናኘን!» አለች፣ ዘመድ ያገኘች ያህል። መገጣጠሚያዎቹን አንድ በአንድ ተጫነች። የካፖርታቸውን እጅጌ ስትሰበስብ ክርናቸው ሥር ሽምብራ የምታህል ጠንካራ እብጠት አገኘች።

«ይቺስ?»

«የአውቶቡስ በር ስደገፍ የወጣች መስሎኝ።»

«ጠዋት ሲነሱ እጅዎ አልጨበጥ ይላል?»

«ይላል። ግን እንጦጦ ነው የምኖረው፣ ብርዱ ነው ብዬ።»

ደም ቀዳች። ውጤቱን ልንሰማ ስንመለስ ጋሽ ዘውዴ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። በሽታው ሩማቶይድ አርትራይተስ እንደሚባል ነገረቻቸው። ብዙ ጊዜ ሴቶችን ነው የሚይዘው፤ ሁለቱንም እጅ እኩል ይይዝና አይለቅም። የእሳቸው ግን ለየት ያለ አመጣጥ ነው፤ እየመጣ የሚሄድ፣ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ የሚል። ለዚህ ነው ማንም ያላገኘው። ዝም ከተባለ ግን አንድ ቀን መጥቶ አይሄድም።

«ከምን መጣ?» አሉ።

«ሰውነታችን ከበሽታ የሚጠብቀን ወታደር አለው። የእርስዎ ወታደር ተሳስቷል። የገዛ መገጣጠሚያዎን ባዕድ ነው ብሎ ይደበድበዋል።»

«ምግብ ላይ የሚጨመር ነገር ያመጣዋል?»

ዶክተሯ ጥያቄው ገባት መሰለኝ ቀስ ብላ መለሰች። «አያመጣውም። ማንም ምንም አላደረገብዎትም አባቴ።»

ጋሽ ዘውዴ ጎንበስ አሉ። ጫማዋን እያዩ እንደነበር ያወቅሁት እኔ ብቻ ነኝ። ቀና ሲሉ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

ከዚያው በቀጥታ ኮተቤ ሄድን። ብቻቸውን ለመግባት ፈርተው እኔን አስከተሉ። አስቴር በር ከፈተች፤ ግቡ ግን አላለችም።

«አስቴር፣ የገዛ ደሜ ነው ያጠቃኝ» አሏት። «ሐኪሟ ነገረችኝ። አንቺ የለሽበትም።»

«ሐኪሟ ባትነግርህስ ኖሮ?»

ጋሽ ዘውዴ አንገታቸውን ደፉ።

«ጉልበትህን ይዤ ሳድር ያላመንከኝን፣ በመርፌ የተቀዳ ደም ሲነግርህ አመንክ።»

«ልክ ነሽ። የምለው የለኝም።»

በሩን አልዘጋችብንም። ግን ያን ቀን አብራን አልመጣችም። የተመለሰችው ከፋሲካ በኋላ ነው፤ ማንም ሳይለምናት፣ ዘንቢሏን ይዛ። የዚያን ዕለት ማታ ራት አቀረበች። ቀድማ ከሰሃኑ ቆርሳ በላች፣ ፊት ለፊታቸው አኝካ ዋጠች፣ ከዚያ ሰሃኑን ወደ እሳቸው ገፋ አደረገች። «ተይ፣ አያስፈልግም» አሏት። «ለእኔ ያስፈልጋል» አለቻቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድም ማዕድ ሳትቀምስ አላቀረበችላቸውም።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ግን ጋሽ ዘውዴ ናቸው። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚዋጥ መድኃኒት ታዘዘላቸው። መድኃኒት ቤት ተሰልፈው ሳለ አጠገባቸው የነበረች ሴት ማሸጊያውን አይታ «ይሄ የካንሰር መድኃኒት አይደለም እንዴ?» አለች። በቃ። ዶክተሯ በትንሹ ሲሰጥ ለዚህ በሽታም እንደሚሆን ረጋ ብላ አስረዳቻቸው። እሳቸውም ራሳቸውን ነቀነቁ። ለእኔ ግን «ብዙ አስረዳችኝ» አሉኝ፤ ትርጉሙን አውቀዋለሁ። ካንሰር ይዟቸው የደበቋቸው መሰላቸው። ሲያማቸው ይውጡታል፣ ሲሻላቸው ይተውታል። ሕመሙ በበኩሉ መሄዱን ተወ። መጣና ተቀመጠ። ጣቶቻቸው ወደ ጎን መጣመም ጀመሩ፣ ትኬት መያዝ አቃታቸው። ሥራውን ለቀው ሲወጡ ሥራ አስኪያጁ ራሱ እስከ ታክሲው ሸኛቸው።

መድኃኒቱን በሥርዓት ያስጀመረቻቸው አስቴር ናት። አንድ እሑድ ክኒኑን መዳፏ ላይ አድርጋ «ይሄንንም ልቅመስልህ?» ብላ ወደ አፏ ስታስጠጋ፣ ጋሽ ዘውዴ በተጣመመ እጃቸው እጇን መትተው ክኒኑን ወለል ላይ በተኑት። «ተይ! ጠንካራ መድኃኒት ነው፣ ይጎዳሻል!» አሉ። አስቴር ስቃ «እኔን ይጎዳል፣ አንተን ያድናል። ታውቀው የለ እንዴ!» አለቻቸው። ከዚያ ወዲያ አንድም ሳምንት አላለፋቸውም። እብጠቱ ቀነሰ፣ እንቅልፍ አገኙ። የተጣመመው ግን አልተቃናም።

ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው ሳንባቸው ከደከመ በኋላ ነው። ዶክተሯ ይሄ በሽታ ሳንባም እንደሚነካ ነግራቸው ነበር። አልጋ ላይ ትራስ ተደግፈው ነበር፤ አስቴር ታጎርሳቸዋለች። አንዱን ለራሷ፣ ቀጥሎ አንዱን ለእሳቸው። ጋሽ ዘውዴ የእሷን ጉርሻ አያዩም። ዓይናቸውን ጨፍነው አፋቸውን ከፍተው ይጠብቃሉ።

«ዛሬም ትቀምሻለሽ?» አልኳት ስትሸኘኝ።

«መጀመሪያ ተናድጄ ነበር የምቀምሰው» አለችኝ። «አሁን አብረን የምንበላው እንደዚህ ነው።»

ቀብራቸው እንጦጦ ማርያም ተፈጸመ። በሰልስቱ ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሞልቷል። እትዬ የሺ ጥግ ላይ ጥቁር ነጠላቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ምግብ ሲዞር እምቢ አሉ፤ ከቀብር ጀምሮ ከዚያ ቤት ምንም አልቀመሱም። አጠገባቸው ላለችው ሴት «መጨረሻ ያጎረሰችው እሷ ናት» ሲሉ ሰማሁ። ሴትዮዋ አስቴርን በቆረጣ አየቻት። ወሬው ከአግዳሚ ወደ አግዳሚ ሲሄድ ይታወቃል፤ ሰው ሰሃኑን እንደያዘ ማኘክ ያቆማል።

አስቴርም ሰማች። ከተቀመጠችበት ተነሳችና አንድ ሰሃን አንስታ በሰው መካከል አልፋ እትዬ የሺ ፊት ተንበረከከች። ከእንጀራው ቆረሰች፣ ወጥ አስነካች፣ ለራሷ ጎረሰች። አኘከችና ዋጠች። ከዚያ ሌላ ጠቅልላ ወደ እትዬ የሺ አፍ አስጠጋች።

«እትዬ፣ ሦስት ቀን ሙሉ አልበሉም» አለች። «እሱ ቢኖር አያስችለውም ነበር።»

እጇ አየር ላይ ቆመ። እትዬ የሺ ጉርሻውን አዩ፣ አስቴርን አዩ፣ የሚያያቸውን ሰው ሁሉ አዩ። ቀስ ብለው አፋቸውን ከፈቱና ጎረሱ። እስኪውጡት ግን ብዙ ቆዩ፤ አስቴርም እስኪውጡት ድረስ ከተንበረከከችበት አልተነሳችም።